መቅደላን በካሜራ፤ ከማንሳት እስከ ማቆየት

መቅደላ አምባ ፎቶ የተነሣው ካሜራ ለአገሩ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ሮበርት ናፒየር የመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ አምባው ሲገሠግሥ፣ ከመሐንዲሶቹ ክፍል ጋር ፎቶ አንሺዎች አብረው ዘምተዋል። የተላኩት በዋናነት ካርታና ንድፍ እያባዙ ለመኮንኖች እንዲያድሉ ነበር፤ ሆኖም ገደሉን፣ የአምባውን በር፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስር የተፈቱትን አውሮፓውያንና የንጉሡን ልጅ ዓለማየሁን አንሥተዋል። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሣበት መስታወት ኬሚካል ተቀብቶ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ መግባት፣ ወዲያውም በጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ኬሚካሉ የሚቀበለው በአብዛኛው ሰማያዊውን ብርሃን ስለሆነ፣ በእነዚያ ፎቶዎች ላይ የመቅደላ ሰማይ ደመናም ቀለምም የሌለው ባዶ ነጭ ሆኖ ይታያል። ምስሎቹ ለዛሬ የደረሱት በወረቀት ታትመው፣ በአልበም ተለጥፈው በብዙ ሰው እጅ ስለተበተኑ ነው።

ዛሬ ያ ሁሉ ጭነት ኪስ ውስጥ ገብቷል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ ፎቶ የሚያነሣ ሰው፣ የመካነ ሰላም ሠርግ አንሺም ይሁን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ወይም የደብር ንብረት መዝጋቢ፣ የሚቸገረው ካሜራ በማጣት ብቻ አይደለም። ኃይለኛ ፀሐይ፣ የሚቆራረጥ መብራትና የፋይል መጥፋት ይበልጡን ያስቸግሩታል። ገዢዎች ግን ገንዘባቸውን የሚጨርሱት ካሜራው ላይ ነው።

የደጋው ብርሃን

መቅደላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ አቀማመጥ ምክንያት በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትቆማለች። ዐፄ ቴዎድሮስ የሞቱበት ሚያዝያ 6 ቀንም የሚውለው በዚሁ ሰሞን ስለሆነ፣ ለመታሰቢያው ወደ አምባው የሚወጣ ፎቶ አንሺ ከዓመቱ ሁሉ አስቸጋሪው ብርሃን ይጠብቀዋል። በዚያ ሰዓት የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይሰበሰባል፤ ባርኔጣ ወይም ሻሽ ያደረገ ሰው ዓይኑ ጠቁሮ ፊቱ ይጠፋል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ለጥላ ሥር ሥራ፣ ለቤት ውስጥ ወይም ለዕረፍት ቢተው ይሻላል። ጥሩው ብርሃን ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ጀንበር እንደጠለቀች ቶሎ ስለሚጨልም መሣሪያን አስቀድሞ አዘጋጅቶ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ወቅቱም ይለያያል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ዝናቡ አየሩን ስላጠበው የበሽሎ ሸለቆ ማዶው ጠርቶ ይታያል። ከየካቲት ጀምሮ አቧራና ጭስ ሸለቆውን ይሸፍነዋል፤ ያን ጊዜ ሩቁን ከማሳደድ ቅርቡን ማንሳት ያዋጣል። ጭጋጉን በኤዲቲንግ መቀነስ ቢቻልም፣ ሲበዛ ሰማዩን ያቆሽሸዋል።

የደገኛው አለባበስ ለካሜራ ፈተና ነው። ነጭ ጋቢ የለበሰ ጠይም ሰው ሲነሣ ካሜራው ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማስታረቅ ያቅተዋል፤ ለፊቱ ሲያበራ የጋቢው ጥለትና ሽመና በነጭ ብርሃን ይዋጣል፣ ለጋቢው ሲቀንስ ፊቱ ይጨልማል። የሚመከረው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባለበት ቁልፍ ብርሃኑን በመጠኑ ዝቅ አድርጎ የጋቢውን ዝርዝር ማዳን፣ ፊቱን ደግሞ በኋላ በኤዲቲንግ ማብራት ነው። በነጭ ብርሃን የተዋጠ ቦታ በምንም መንገድ አይመለስም፤ የጨለመው ግን በአብዛኛው ይመለሳል። ሰውየውን ወደ ጥላ አዙሮ፣ ነጠላ የዘረጋ ረዳት ፊት ለፊቱ ማቆምም ብርሃን መልሶ ፊቱን ያፈካዋል፤ ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ክብ አንጸባራቂ ከዚህ ብዙም የተለየ ሥራ አይሠራም።

ዐፄ ቴዎድሮስ አሠርተውት መቅደላ ላይ የቀረው የሴባስቶፖል መድፍ ተቃራኒውን ችግር ያመጣል። ጥቁሩ መድፍ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ጨለማ የበዛ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ መድፉም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። እዚህም መቀነስ ነው። ጎን ለጎን የሚመጣ የማለዳ ብርሃን የመድፉን ወለል እብጠትና ስርጉደት አጉልቶ ያሳያል፤ በቀትር ግን መድፉ ድፍን ጥላ ይሆናል።

ምን ይገዛ?

ስልክ ብቻ ያለው ሰው ሥራ ሊጀምር ይችላል። የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ በጣት እያሰፉ ማቅረብን መተው፣ ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነም በሮው (ባልተቀነባበረ ጥሬ ፋይል) ማንሳት ዋጋ ሳይወጣ ምስሉን ያሻሽላል። ስልክ የሚሸነፈው በሁለት ቦታ ነው፤ በጨለማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥና ከሩቅ በሚነሣ እንስሳ ላይ። በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳን ጠጋ ብሎ ማንሳት ይቻል ይሆናል፤ ቀይ ቀበሮ ግን በስልክ ሲነሣ ሣር ውስጥ ያለ ቀይ ነጥብ ይሆናል። ለእሱ ቢያንስ 300 ሚሊሜትር ሌንስ ያስፈልጋል።

ካሜራ ለሚገዛ ሰው ያገለገለ ባለ መስታወት ካሜራ፣ በተለምዶ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. የሚባለው፣ ለዚህ አካባቢ ከአዲሱ መስታወት አልባ ዓይነት ሊሻል ይችላል። ምክንያቱ ባትሪ ነው። መስታወት አልባው በአንድ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ፎቶ ያነሣል፤ ባለ መስታወቱ 800ና ከዚያም በላይ ይሄዳል። መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ወረዳ ይህ ልዩነት የሥራ ቀን ማለት ነው። የማለዳ ብርድም የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ መለዋወጫውን በደረት ኪስ ይዞ ማሞቅ ይረዳል። በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሞላ ካሜራ የገዛ ግን ከፓወር ባንክና ከትንሽ ሶላር ጋር ችግሩን ሊያቃልለው ይችላል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ የሚፈተሸው ውጫዊው ገጽታ ብቻ አይደለም። ሌንሱን በስልክ መብራት እያበሩ በውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ መኖሩን ማየት፣ ካሜራው ስንት ጊዜ እንደተኮሰ መጠየቅ፣ ነጭ ግድግዳ በጠባብ የሌንስ ቀዳዳ አንሥቶ አቧራ ነጥቦችን መቁጠር ያስፈልጋል። ሻጋታ ያለበት ሌንስ በርካሽም ቢሆን አይገዛም።

ከካሜራው በኋላ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ጠንካራ ትራይፖድ ላይ ነው። በአምባው ንፋስ የሚወዛወዝ ቀጭን ትራይፖድ ከእጅ አይሻልም፤ ዕቃ የያዘ ቦርሳ ከመሐሉ ማንጠልጠል ያረጋጋዋል። ሌንስ በንፋስ መሐል አይቀየርም። ብርድ የጠጣ ካሜራ ይዞ እሳት ወደሚነድበትና ቡና ወደሚፈላበት ቤት ሲገባ ሌንሱ ላይ ጤዛ ስለሚያዝ፣ ቦርሳው እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት አለበት።

ድሮን ብዙዎች የሚመኙት መሣሪያ ቢሆንም ኢትዮጵያ ውስጥ ለማስገባትም ለማብረርም የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። ክልሉ ባለበት የጸጥታ ሁኔታ ያለ ፈቃድ ማብረር በባለቤቱም በአካባቢው ሰው ላይም አደጋ ያመጣል፤ ሐሳቡን ማቆየቱ ይሻላል።

ብራና ሲነሣ

በዚህ አካባቢ ካሜራ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ክብደት ያለው የብራና መጻሕፍትን ማንሳት ነው። ናፒየር መቅደላን ሲይዝ በመድኃኔዓለም ስም በአምባው ላይ ከተሰበሰቡት መጻሕፍት ወደ 350 የሚጠጉት ተመርጠው ለብሪቲሽ ሙዚየም ተወስደዋል፤ ዛሬ የሚገኙት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። በየደብሩ የቀሩት ደግሞ ከጭስ፣ ከአይጥ፣ ከእሳትና ከሌባ ጋር ይታገላሉ። ፎቶ መጽሐፉን አያድነውም፤ ጽሑፉን ግን ያድናል፤ መጽሐፉ ቢሰረቅም የማን እንደነበረ ለማስረዳት ይጠቅማል።

መጀመሪያ ፈቃድ ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ቄሰ ገበዙና የሰበካ ጉባኤው ሳይስማሙ ዕቃ ቤት አይከፈትም፤ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም ማወቅ ይኖርበታል። ቅጠሉን የሚገልጠው የደብሩ ሰው መሆን አለበት። ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ለሥራውም ይጠቅማል፤ አንዱ ሲገልጥ ሌላው ካሜራው ላይ ስለሚያተኩር ሥራው ይፈጥናል።

ስለ ካሜራው ጥራት የሚነገረው ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። ጽሑፍን ለማንበብ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይበቃል። ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ቅጠል 24 ሜጋፒክስል ባለው ካሜራ፣ ማለትም በ6,000 በ4,000 ነጥብ፣ ሲነሣ በዙሪያው ኅዳግ ተትቶ እንኳ በአንድ ኢንች ከ400 በላይ ነጥብ ይገኛል። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ለአብዛኛው መጽሐፍ ይበቃል። ሌንሱ 50 ወይም 60 ሚሊሜትር ገደማ፣ ከተቻለም ቅርብ ለማንሳት የተሠራ ቢሆን መስመሮቹ አይጎብጡም።

መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በእጅ ተጭኖ መነሣት የለበትም፤ ድጉሱና ስፌቱ ይላቀቃል። አትሮንስ ወይም በሁለት በኩል የታጠፈ ጋቢ መጽሐፉን በግማሽ ተከፍቶ እንዲያርፍ ያደርገዋል፤ ካሜራውም ከቅጠሉ ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆማል። መጀመሪያ የቀኝ ገጾቹ ሁሉ፣ ከዚያ የግራዎቹ ሁሉ ቢነሡ ካሜራውን በየገጹ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። ብራና ጠፍጣፋ ስለማይሆን የሌንሱ ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 ቢጠብ ጥጉም መሐሉም ይጠራል።

ፍላሽ አይተኮስም። በወርቅና በደማቅ ቀለም በተሣለ ሐረግ ላይ ነጭ ነጥብ ይተዋል፤ ሥርዓተ ቅዳሴንም ይረብሻል። ሙቀት የማይሰጡ ሁለት የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ቢቆሙ ጥላ አይኖርም። መብራት ከሌለ በቤተ ልሔሙ ወይም በደጀ ሰላሙ በር አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ መሥራት ጥሩ ውጤት ይሰጣል። የመስኮት ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ከተቀላቀሉ ግን ግማሹ ቅጠል ሰማያዊ፣ ግማሹ ብጫ ሆኖ ይወጣል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ማስመሪያና የቀለም ካርድ፣ ካርድ ከሌለም ንጹሕ ነጭ ወረቀት፣ ከመጽሐፉ ጎን ይቀመጣል። የሽፋኑ፣ የማኅደሩ፣ የባዶ ቅጠሎቹና በኅዳግ ላይ ያሉ የርስትና የስጦታ ማስታወሻዎች ፎቶ አይታለፍም፤ የአካባቢው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በእነሱ ላይ ነው።

ኤዲቲንግ

ለመልክዓ ምድርና ለሠርግ የሚሠራው ኤዲቲንግ ለብራና አይሠራም። የሠርግ ፎቶ ሊዋብ ይችላል። የብራና ፎቶ ላይ ግን ነጭ ሚዛኑን በወረቀቱ ማስተካከል፣ ማቅናትና ብርሃኑን እኩል ማድረግ ከተሠራ በኋላ መቆም ያስፈልጋል፤ ቆሻሻ ማጥፋትና የደበዘዘ ፊደል በእጅ ማድመቅ መረጃ ማጥፋት ነው። የደበዘዘውን ለማንበብ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቅጂ አውጥቶ የቀለም ቻናሎቹን ለየብቻ ያያል። ቡናማ ሆኖ የደበዘዘ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በሰማያዊው ቻናል ጎልቶ ይወጣል፤ በቀዩ ቻናል ደግሞ በቀይ ቀለም የተጻፈው የቅዱሳን ስም ሊጠፋ ይደርሳል። ለዚህ ነው ብራናን በጥቁርና ነጭ ማስቀመጥ የማይመከረው።

ፕሮግራም ለመምረጥ ትልቁ መለኪያ ክፍያው ነው። ላይትሩም በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ስለሆነ ለብዙ ሰው አይመችም። ዳርክቴብልና ጊምፕ ኮምፒውተር ላይ፣ ስናፕሲድ ስልክ ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ ለመልመድ ጊዜ ቢወስዱም ሥራውን ይጨርሳሉ። የትኛውም ቢመረጥ ኤዲት የሚደረገው ቅጂው ነው፤ ከካሜራ የወጣው ሮው ፋይል እንደወጣ ይቀመጣል።

ፋይሉ የት ይደር?

150 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 300 ገጽ ይሆናል። አንድ ሮው ፋይል 30 ሜጋባይት ቢሆን መጽሐፉ 9 ጊጋባይት ይይዛል፤ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክም ከመቶ በላይ መጽሐፍ ይችላል። ስለዚህ ቦታ አያንስም። ያንን 9 ጊጋባይት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚሄድ የሞባይል ኢንተርኔት ወደ ኦንላይን ማከማቻ መጫን ግን መስመሩ ሳይቋረጥ 4 ሰዓት ይፈጃል። በደጋው ላይ የኦንላይን ቅጂ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሲደረስ የሚሠራ እንጂ የዕለቱ መጠባበቂያ አይሆንም።

ሚሞሪ ካርድ ሲገዛ መጠኑ እንደተጻፈው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ በገበያ ላይ 128 ጊጋባይት ተብሎ የሚሸጥ፣ ከትንሽ በኋላ በድሮው ላይ የሚጽፍ የውሸት ካርድ አለ። ካርዱን ከሥራ በፊት በፋይል ሞልቶ መልሶ መክፈት ያጋልጠዋል። በካርዱ ላይ ያለው የሚሰረዘውም ቅጂዎቹ በሌላ ቦታ ተከፍተው ከታዩ በኋላ፣ በካሜራው ውስጥ ፎርማት በማድረግ ነው።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የታወቀ አንድ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ከደንቡ በፊት ተሠርቶበታል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የእጅ ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን በፊልም ሲያነሣ፣ አንዱ ቅጂ አገር ውስጥ ሲቀር ሌላው ሚኒሶታ ወደሚገኘው የኮሌጅቪል ቤተ መጻሕፍት ሄዷል። በዚያ ቤተ መጻሕፍት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት የካታሎጉን ሥራ ሠርተዋል። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ዛሬ በተመራማሪዎች ዘንድ በማይክሮፊልም ቁጥሩ፣ በ1832፣ ይጠራል።

ትልቅ ተቋም መሆንም ከአደጋ አያድንም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ተጠቅቶ፣ በድረ ገጹ ላይ የነበሩት የእጅ ጽሑፎች ምስሎች ለረጅም ጊዜ ሊታዩ አልቻሉም። ላይብረሪው በኋላ ባወጣው ዘገባ የፋይሎቹ ቅጂ ደኅና እንደሆነ፣ የጎደለው መልሶ የሚዘረጋበት ሥርዓት እንደሆነ ገልጿል። ለግለሰብም ነገሩ ያው ነው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ሁልጊዜ የተሰካ ሃርድ ዲስክ ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ስለሚጠቃ፣ አንዱ ዲስክ ተነቅሎ መቀመጥ አለበት። ሃርድ ዲስክ በኮረኮንች መንገድ መናጥን አይወድም፤ ኤስ.ኤስ.ዲ. መናጡን ይችላል፣ ግን ያለ ኤሌክትሪክ ለዓመታት ሲተው መረጃው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ለጉዞ ኤስ.ኤስ.ዲ.፣ ለቤት ሃርድ ዲስክ ይመከራል፤ ሁለቱም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተሰክተው፣ ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይሎች ተከፍተው ይታያሉ።

ብዙ ሰው ፎቶውን የሚያስቀምጠው ቴሌግራም ላይ ነው። በፎቶነት የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ ጥራቱም ይወርዳል፤ በፋይልነት ሲላክ ግን እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ እንዳለ ይደርሳል። ያም ቢሆን አካውንት ስለሚዘጋና ስልክ ቁጥር ስለሚጠፋ ብቸኛ ማከማቻ ሊሆን አይገባውም።

ስም አወጣጡ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ችግር አለበት። ካሜራው ቀኑን የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በፋይል ስም ላይ የኢትዮጵያን ቀን መጻፍ ሁለት የማይገጣጠሙ ቀኖች ይፈጥራል፤ ጳጉሜንን ደግሞ 13ኛ ወር የማያውቅ ፕሮግራም አይቀበለውም። ስለዚህ የፋይሉ ስም በካሜራው ቀን ይጀምራል፣ ለምሳሌ 2025-01-19፤ በመግለጫው ውስጥ «ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጥምቀት» ተብሎ ይጻፋል። የካሜራው ሰዓትም በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይሞላል፤ በእኛ ሰዓት ከተሞላ የማለዳው ፎቶ የእኩለ ሌሊት ተብሎ ይመዘገባል። ፊደሉም እንዲሁ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። «ሥላሴ» ተብሎ የተሰየመውን ፋይል «ስላሴ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ ኮምፒውተሩ ሠንና ሰን፣ ጸንና ፀን የተለያዩ አድርጎ ነው የሚያያቸው። አንድ የስም ዝርዝር አዘጋጅቶ ሁሉም ሠራተኛ በእሱ ቢሠራ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ፍለጋ ያቀልለዋል። በእያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ የደብሩን ስም፣ የወረዳውን፣ የመጽሐፉን ርእስና መጠን፣ ፈቃድ የሰጠውን አካልና የተነሣበትን ቀን የያዘ አንድ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል።

ስልክ ፎቶው ውስጥ የቦታውን መገኛ በድብቅ ይጽፋል። የጭላዳ ወይም የገደል ፎቶ ላይ ይህ ይጠቅማል፤ የዕቃ ቤት መስቀል ፎቶ ላይ ግን ለሌባ አቅጣጫ መስጠት ነው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 እ.ኤ.አ. ተሰርቆ ከቤልጂየም እስኪመለስ ድረስ ያስከተለው ጭንቀት በወሎ አልተረሳም። የቅርስ ፎቶ ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት መገኛው ይሰረዛል፣ የት እንደሚቀመጥ የሚያሳየው ክፍልም ከፍሬሙ ይቆረጣል። ሙሉው ቅጂ ግን ለደብሩ ይሰጣል፤ አንዱ በሃርድ ዲስክ፣ የዋና ዋናዎቹ ገጾች ደግሞ በወረቀት ታትመው ከንብረት መዝገቡ ጋር፣ ኮምፒውተር የሌለው ገበዝም ገልጦ እንዲያያቸው።